ኦ-ዩ-ጂ-ኤች ያለባቸው ቃላት፦ አጻጻፉ አንድ፣ ንባቡ ስንት?

የኮፒ ቤቷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ ትንሽ የፎቶኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። ዘንድሮ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሆነበት። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ እኔ ይመጣና ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል።

ዛሬ የእንግሊዝኛ መምህሩ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተከታትለው የሚገኙባቸውን 20 ቃላት ከነትርጉማቸው ጽፋችሁ ኑ ብለዋቸዋል። (ስልኬ ላይ ያለው ኪቦርድ አማርኛ ብቻ ስለሆነ ፊደሎቹን በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ ታገሱኝ።)

ቀላል መስሎኝ ነበር። ልጁ እያንዳንዱ ቃል ራስ ላይ ንባቡን በእርሳስ በአማርኛ ይጽፋል። እኛም እንደዚያው ነበርን። ቲ-ኦ-ዩ-ጂ-ኤችን «ታፍ» ብሎ ጻፈ። ጎበዝ አልኩት። ቀጥሎ ቲ-ኤች-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች መጣ። «ዛፍ» ብሎ ጻፈ። አይደለም፣ «ዞው» ነው አልኩት። ላጲስ አነሳ። ከዚያ ቲው ቀጥሎ ኤችና አር ያለው መጣ። «ስሮው» አለ። አይደለም፣ «ስሩ» ነው አልኩት። ላጲስ። በሲ የሚጀምረው ሲደርስ ፈራ፣ «ኩ» አለ። «ኮፍ» አልኩት። እርሳሱን አስቀምጦ አየኝና «እማ፣ ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽው?» አለኝ።

«እንዲሁ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

እስካሁን 11 ቃል አግኝተናል። ቀሪውን እርዱኝ። ምክንያት ካለውም ንገሩኝ፣ ነገም ይጠይቀኛል።

ያባቱ ልጅ · ከምሽቱ 1:52

እኔ 12 ዓመት ተምሬ የማውቀው «ኢናፍ»ን ብቻ ነው። ትርጉሙም «ይበቃል» ነው። በቃኝ።

ነርሷ · ከምሽቱ 2:05

ኮፍን በቀን ሃያ ጊዜ ካርድ ላይ እጽፋታለሁ፣ ሳል ናት። ስንት ቀን ሆነው፣ ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው፣ ሁሉም ከእሷ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። እጄ ስለለመደ አጻጻፏን አስቤው አላውቅም፣ አሁን ሳያት ግን ገረመችኝ። አንድ ጨምሪለት፦ «ትሮፍ»፣ ቲ-አር ብሎ ይጀምራል። ከብት የሚጠጣበት ወይም የሚበላበት ገንዳ ነው። ከኮፍ ጋር ቤት የሚመታው እሱ ነው።

ጡረተኛው · ከምሽቱ 2:31

እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። እነዚህን ቃላት በተርታ አስጠንቼ የያዘልኝ ተማሪ የለም። በጎራ በጎራ ክፈይለት።

ከሁሉም የሚቀለው መጨረሻው ላይ ቲ ያለበት ነው። ኦ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ ካየ «ኦት» ይበል። ቦት ገዛ፣ ብሮት አመጣ፣ ፎት ተዋጋ። በቲ-ኤች የሚጀምረው ሶት አሰበ፣ በኤስ የሚጀምረው ሶት ደግሞ ፈለገ ነው። በኛ አፍ ሁለቱ ሶቶች አንድ ይሆናሉ። ለመጀመሪያው ምላሱን ጥርሱ መሃል ያስገባ። አምስቱም ኃላፊ ጊዜ ናቸው፦ የባይ፣ የብሪንግ፣ የፋይት፣ የሲንክ እና የሲክ። ደብሊው-አር ብሎ የሚጀምር «ሮት» የሚባልም አለ። የወርክ የድሮ ኃላፊ ጊዜ ነው። ዛሬ የሚታየው ለአጥርና ለበር የሚሆነውን ቅጥቅጥ ብረት «ሮት አይረን» ሲሉ ነው። በኤን የሚጀምረው ኖት ምንም ወይም ዜሮ ማለት ነው።

ኦት ራሱም ብቻውን ቃል ነው፣ «ይገባል» ማለት። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ደስ ይላቸው ነበር፦ ኦት ድሮ «ዕዳ አለበት» ለሚለው «ኦው» ኃላፊ ጊዜው ነበር። ያለብህን መክፈል ይገባሃል፣ አይደል? ትርጉሙ በዚያ በኩል ነው የመጣው።

ቀጥሎ በ«ፍ» የሚያልቁት ናቸው። ታፍ ጠንካራ፣ አልበገር ባይ ነው። ስለ ሥጋ ከተባለ አልታኘክ ያለ ማለት ነው። ራፍ ሻካራ ነው። ልጅሽ ሒሳብ የሚሞካክርበትን «ራፍ ወረቀት» ይለው የለ? ያችው ናት። ኢናፍን ከላይ ያለው ወንድሜ ጨርሶታል። ኮፍና ትሮፍንም እዚሁ አስገቢያቸው፣ አናባቢያቸው ብቻ ነው የሚለየው።

ቀሪዎቹ ላይ ጂ-ኤች ድምፅ የላትም። ዞው «ቢሆንም» ነው። ኦልዞው «ምንም እንኳ» ነው። ዶው ሊጥ ነው። ባው ትልቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ፕላው ማረሻ ነው። ስሩ «በውስጡ አልፎ» ሲሆን ብቸኛ ነው፣ የሚመስለው የለም። «ሰሮ» አንድም ሳይቀር ተጠንቅቆ የተሠራ ነገር ነው። «በሮ» እንደ እኛ ክፍለ ከተማ ያለ የከተማ አስተዳደር ክፍል ነው። ሁለቱን እንግሊዞች «ሰረ» እና «በረ» ብለው ዋጥ ያደርጓቸዋል።

ቁጠሪው፣ 20 ሞልቶ አንድ ይተርፋል።

የኮፒ ቤቷ · ከምሽቱ 2:44

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቲ ጎራ እውነትም ቀለለው። ግን አንድ ተገኘብዎት። የሕብረተሰብ ሳይንስ መጽሐፉን አምጥቶ አሳየኝ፦ ዲ-አር-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ። ድርቅ። እሱም «ድሮት» ይባላል?

ጡረተኛው · ከምሽቱ 2:50

ያዘኝ! እሱ «ድራውት» ነው። ከቲ ጎራ ያፈነገጠው እሱ ነው። ለልጁ ከረሜላ ግዢለት፣ ሒሳቡ በኔ ነው።

ባነር ሠሪው · ከምሽቱ 3:12

ይቺን ቃል ባትጠሯት ይሻለኝ ነበር።

ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዚያ ነበር የምሠራው። አንድ ግሮሰሪ የሦስት ሜትር ባነር አዘዘኝ። ሰውየው ወረቀት ላይ በአማርኛ «ድራፍት፣ ጥብስ፣ ቁርጥ» ብሎ ሰጠኝና «ከሥሩ በእንግሊዝኛም አድርግልኝ» አለኝ። ድራፍት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ አላወቅሁም። ኤፍ የለውም፣ ጂ-ኤች አለው ሲሉ ግን ሰምቼ ነበር። ስልኬ ላይ ዲ-አር ብዬ ስጀምር እሱ ራሱ ጨረሰልኝ፣ እኔም ጂ-ኤቿን አየሁና ገለበጥኩት። ፍሌክሱ ታተመ፣ ተሰቀለ፣ ብርም ተቀበልኩ።

ሦስት ወር ያህል ቆየ። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ቆሞ ፎቶ ሲያነሳው ባለቤቱ አየና ደስ አለው፣ ባነሩ አምሮ መስሎት። ፈረንጁ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ለካ የጻፍኩት በኦ ነው። «ቀዝቃዛ ድርቅ አለን» ብለን ነው ሦስት ወር የተሰቀልነው።

ድራፍት በእንግሊዞች አጻጻፍ ኤ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ ነው። ድርቅ ኦ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ ነው። አንድ ፊደል! እዚያ ላይ ጂ-ኤች «ፍ» ትላለች፣ እዚህ ዝም ትላለች። በነጻ ደግሜ ሠራሁለት። አሮጌውን ፍሌክስ ግን ወስዶ የከሰል ማዳበሪያ አለበሰው፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ ሆኖ።

ያባቱ ልጅ · ከምሽቱ 3:15

ቢራው ሲያልቅ ባነሩ ልክ ነበር እኮ።

ስድስት ኪሎ · ከምሽቱ 3:58

ምክንያት ለጠየቀው ልጅ ልሞክር። የተማርኩት ቋንቋ ነው።

ጂ-ኤች ድሮ ድምፅ ነበራት። «ኽ» ነበረች፣ «ሼኽ» ስንል ከጉሮሮ የምትወጣው። የጥንት እንግሊዞች ዛሬ «ናይት» የሚሉትን ሌሊት «ኒኽት» ይሉት ነበር። ዛሬ «ዶተር» የሚሏት ሴት ልጅ «ዶኽተር» ነበረች። ያኔ ድምፁን በኤች ብቻ ነበር የሚጽፉት። በፈረንጆች 1066 ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ የጸሐፊው እጅ ተለወጠ፣ ቀስ በቀስም ለዚህ ድምፅ ጂ-ኤች ተለመደ። ዊሊያም ካክስተን በ1476 ማተሚያውን ዌስትሚንስተር ሲተክል አጻጻፉ እየረጋ መጣ። አፍ ግን ማንንም አይጠብቅም። በሚቀጥሉት ሁለት መቶ ዓመታት «ኽ» ከብዙው እንግሊዝ አፍ ጠፋች። ወረቀቱ ላይ ግን ቀረች።

ታዲያ «ፍ» ከየት መጣች? እዚያው ስልካችሁ ላይ ሆናችሁ ሞክሩት። ከንፈራችሁን ለ«ኡ» አሹሉና «ኡኽ» በሉ። ትንፋሹን ከጉሮሮ ወደ ከንፈር አምጡት። «ኡፍ» ይሆናል። ታፍ፣ ራፍ፣ ኢናፍ የሆኑት እንዲህ ነው። በሌሎቹ ቃላት ደግሞ ትንፋሹ ከንፈር ሳይደርስ ጠፋ። የየአካባቢው አነጋገር የተለያየ ነበር፣ ዛሬ የምንማረው እንግሊዝኛም ከየአካባቢው ለቃቅሞ ነው የወሰደው። ወጥ ሕግ የጠፋው ለዚህ ነው።

ይህ የገባኝ ጎተ ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ስማር ነው። ጀርመንና እንግሊዝኛ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጀርመኖች ግን «ኽ»ን አልጣሉም። ሌሊት «ናኽት»፣ ሴት ልጅ «ቶኽተር»፣ አመጣ «ብራኽተ»፣ አሰበ «ዳኽተ»፣ መሳቅ «ላኸን»። በእነዚህ ቃላት እንግሊዝኛው ላይ ጂ-ኤች ባለችበት ቦታ «ኽ» ቁጭ ብላለች። አይርላንዶችም ሐይቅን ኤል-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች ብለው ጽፈው እስከ ዛሬ «ሎኽ» ይላሉ። ልጁ ተጨማሪ ቃል ከፈለገ ይቺን ይውሰድ።

ሌላም አለ። ልጁን የሚያምታቱት ስሩ እና ሰሮ ድሮ አንድ ቃል ነበሩ። በአንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ካለፍክ፣ ምንም ሳይቀርህ አየኸው ማለት ነው። ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ተነጥሎ ሰሮ ሆነ።

ያባቱ ልጅ · ከምሽቱ 4:10

እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ እንግሊዞች ሕፃናት ያሰቃያሉ። ፊደላችን ይባረክ። እንደተጻፈ ታነባለህ፣ እንዳነበብክ ትጽፋለህ፣ አለቀ።

ጡረተኛው · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:20

ልጄ፣ ቀስ በል። «ሰፊ» ብዬ ብጽፍልህ እንዴት ታነበዋለህ? ልብስ የሚሰፋው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው? አንዱ ላይ ፊ ላላች፣ አንዱ ላይ ጠበቀች። ፊደላችን ማጥበቅን አይጽፍም። «ገና»ስ? በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነኝ» ያልከው? የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሳስተምር እንደ ልጃችን እርሳሱን አስቀምጦ «በምን አወቅህ?» ይለኝ ነበር። እኔም «እንዲሁ» ነበር የምለው።

እንግሊዞችም እንዲህ ያለ አላቸው። ለንደን አጠገብ ኤስ-ኤል ብላ በዚችው ኦ-ዩ-ጂ-ኤች የምታልቅ ከተማ አለች፣ «ስላው» ትባላለች። ተራ ቃል ሲሆንም ረግረግ ማለት ነው። ያው አጻጻፍ «ስላፍ» ተብሎ ሲነበብ ግን እባብ ቆዳውን ገፍፎ መጣሉ ነው።

ስድስት ኪሎ · ከጠዋቱ 2:35

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። እኛም የራሳችን ጂ-ኤች አለን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ሦስት ፊደል፣ ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰም እንዲሁ። ድሮ ግን ለየብቻ ነበሩ። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛችሁን «ዓይኒ» አስብሉትና ስሙት፣ ዐይኑ ዐ እዚያ በሕይወት አለ።

ኀ ደግሞ ያቺው «ኽ» ናት። በግዕዝ አምስት «ኀምስ» ነው። በዐረብኛ «ኸምሳ» ነው። እኛ «አምስት» አልን፣ ከነድምፁ ከነፊደሉ ጣልነው። እንግሊዞች ግን ድምፁን ጥለው ፊደሉን አስቀሩ። ኀሙስን ስንጽፍ እኛም እንደነሱ ነን፦ ፊደሉ አለ፣ ድምፁ የለም።

የኮፒ ቤቷ · ከጠዋቱ 3:02

ይሄን ከመክፈቴ በፊት ነው ያነበብኩት፣ በሩ ላይ ቆሜ። የልጄ ስም በብዙኃኑ ኃ ነው የሚጀምረው። አያቱ ናቸው ያወጡለት፣ ክርስትና ካርዱም ላይ እንደዚያ ነው። እሱ ደብተሩ ላይ በሃሌታው ነው የሚጽፈው። እኔም ሲቪ ስተይብ ደንበኛ «በየትኛው ሀ?» ብዬ ስጠይቀው «በፈለግሽው» ይለኛል። አንዴ አንድ ሽማግሌ ግን በሐመሩ ስለጻፍኩባቸው ሦስት ኮፒ አስጥለውኛል። ያኔ ተናድጄ ነበር።

የገበሬ ልጅ · ከቀኑ 7:15

አስተያየት አለኝ። ፕላው «ማረሻ» ተብሎ ታለፈ። ማረሻ እኮ መሬቱን የሚሰነጥቀው ብረት ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ፣ ድግሩስ? ፈረንጅ ፕላው ሲል ሙሉ ዕቃውን ነው፣ ስለዚህ ልጁ «የእርሻ መሣሪያ» ብሎ ይጻፍ። ግስም ይሆናል፣ ማረስ። አራት ኪሎ ያደገ ልጅ እርፍ የት ያያል ብላችሁ ነው እንጂ በማረሻ ብቻ አይታረስም።

ጡረተኛው · ከቀኑ 7:40

ተቀብያለሁ። እኔም የከተማ ልጅ ነኝ።

ዳላስ ያለሁት · ከምሽቱ 2:20

እኛ ጋ ግማሹን ገላግለውናል። ፕላው በደብሊው ያልቃል፣ ኖኅ ዌብስተር በ1828 ባወጣው መዝገበ ቃላት በዚያ መልኩ ነው ያስቀመጠው። ድራፍት በኤፍ ነው፣ ባነር ሠሪው እዚህ ቢሆን አይዋረድም ነበር። ዶናት ሙሉው ሲጻፍ መነሻው ዶው ነው፣ ሊጥ። እዚህ ግን ብዙ ሱቅ ዲ-ኦ ብሎ ያሳጥረዋል። መኪና ውስጥ ሆነህ ምግብ የምትቀበልበት ቦታም ስሩን ቲ-ኤች-አር-ዩ ብለው ነው የሚለጥፉት። ልጁ ግን ፈተና ላይ እንዳይሞክራት። እዚህም መምህር ትቀንሳለች፣ በልጄ አይቻለሁ።

ነርሷ · ከምሽቱ 2:41

ስቅታስ? በኮፍ የሚያልቅ አጻጻፍ አይቻለሁ፣ ግን ሁሉም «ሂካፕ» ነው የሚለው።

ስድስት ኪሎ · ከምሽቱ 2:55

እሷ ስህተት ናት የቆየች። ቃሉ የስቅታውን ድምፅ የሚያስመስል ነበር። ሰዎች ከሳል ጋር ዘመድ መስሏቸው መጨረሻውን እንደ ኮፍ ጻፉት፣ ንባቡ ግን በፊት እንደነበረው ቀረ። በዩ-ፒ የሚያልቀው ይበቃል።

ድራውትን ሳልመልስ ቀርቼ ነበር። እሱ የመጣው ከ«ድራይ» ነው፣ ከደረቅ። እኛም ድርቅን ከደረቀ ነው ያወጣነው። ድራፍት ደግሞ መሳብ ከሚለው ወገን ነው፣ ከበርሜሉ ተስቦ የሚቀዳ።

ራስ መኮንን ድልድይ · ከምሽቱ 3:30

ለልጁ ማሳቂያ፦ ጂ-ኤች-ኦ-ቲ-አይ ምን ይባላል በሉት። መልሱ «ፊሽ» ነው፣ ዓሣ። ጂ-ኤችን ከኢናፍ፣ ኦን «ሴቶች» ከሚለው ዊሚን፣ ቲ-አይን ከኔሽን ወስደህ ስትገጥማቸው። ብዙ ሰው ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው የፈጠረው ቀልድ ነው ይላል። ቀልዱ ግን በ1855 በተጻፈ ደብዳቤ ላይ አለ፣ ሾው የተወለደው በ1856 ነው።

ጡረተኛው · ከምሽቱ 3:44

ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን ልጁን አታደናግሩት። ጂ-ኤች ቃል መጀመሪያ ላይ ስትሆን ምንጊዜም «ግ» ናት፣ «ፍ» ሆና አታውቅም። ጎስት፣ ጋና። አይ-ጂ-ኤች ከሆነችም ሁሌም ማለት ይቻላል «አይ» ናት፦ ናይት፣ ላይት፣ ሃይ። የምታስቸግረው ከኦ-ዩ እና ከኤ-ዩ ኋላ ስትቆም ነው።

የኮፒ ቤቷ · ኀሙስ፣ ከምሽቱ 1:25

ቃል በቃል ልንገራችሁ። 20ውን ቃል አስገብቶ ሙሉ አገኘ። ፕላው ላይ «የእርሻ መሣሪያ (ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ማረሻ)» ብሎ ስለጻፈ መምህሩ ከየት አመጣኸው ብለውታል።

ዛሬ ደግሞ የቃል ጽሕፈት ነበራቸው፣ ዐሥር ቃል። ድራውትን አገኘ። ዘጠኙን አገኘ። ሰሮ ሲባል ግን ስሩን ጽፎ ተያዘ። እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ድሮ እኮ አንድ ቃል ነበሩ» አላቸው። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ድሮ ነዋ!» ብለው ኤክስ አደረጉበት።

ባነር ሠሪው · ከምሽቱ 1:31

ያ ልጅ ሲያድግ እኔ ጋ ይምጣ። ባነር ከመታተሙ በፊት የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።